ቻናል 16 ላይ ሰላምታ የለም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 11 ሰ.

ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ወጣሁ። በአንድ እጄ ዳቦ፣ በሌላው ሎሚ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ደረቴን ያዘኝ። ከውስጥ ቡጢውን ጨብጦ የሚገፋኝ ሰው ያለ ይመስላል። ቆምኩ። ሰው እንዳይጠይቀኝ ጎንበስ ብዬ የጫማ ክር የማስር መሰልኩ። የተጫማሁት ክር የሌለው ጫማ ነው። ቢሆንም ማንም ልብ አላለም።

ሲለቀኝ ቀጠልኩ። ግራ እጄ እስከ ክርኔ እንደደነዘዘ ቤት ገባሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር፤ ያኔ ግን አንተን አልጀመርኩህም።

አንተ ማስታወሻ፣ እኔ ደምሴ ነኝ። ማንበብ መጻፍ አልችልም፤ አላፍርበትም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጭነት መርከብ ኩሽና ውስጥ ነው። በአራት ቋንቋ መሳደብ እችላለሁ፣ በአንዱም መፈረም አልችልም። መርከባችን ላይ ካፒቴኑ በየቀኑ ያጽፍ ነበር፦ ነፋሱን፣ ማዕበሉን፣ የተሰበረውን፣ የታመመውን። ሳይጻፍ የዋለ ቀን አልነበረም። እኔም አሁን አሮጌ መርከብ ነኝና አጽፋለሁ።

የሚጽፈው ታምራት ነው። ግቢዬ ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይቶ የሚኖር የሆሳዕና ልጅ፣ ለቡ በሚሠሩት ሕንፃዎች ላይ መብራት የሚዘረጋ። ከሥራ ሲመለስ በራፌ ላይ ቁጭ ይልና እኔ የምለውን ይጽፋል። ጽሑፌ ያምራል ይላል። እኔ በምን አውቄ።

ደረቴን ለማንም አልነገርኩም። ምክንያት አለኝ። የልጄ የጽጌ ልጅ፣ ብሌን፣ መርከብ ላይ ልትሠራ ነው። ባሕር ዳር ተምራ ጨርሳ አሁን እዚሁ ከተማ ውስጥ የሬዲዮ ሥልጠና ላይ ናት። ፈተናውን ካለፈች ከለቡ በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ መርከብ። በቤታችን ከእኔ ቀጥሎ ባሕር የምታይ እሷ ናት። አባባ ታሟል ከተባለ አትሄድም። አውቃታለሁ። እናቷም አትሰድዳትም።

ስለዚህ ዝም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 11 ሰ. ተኩል

ደረቴ ዛሬ ደህና ነው። ዳገት አልወጣሁማ።

ታምራትን ማል አልኩት። የጻፍከውን ለጽጌ አትናገርም ብለህ ማል። እነሱ ጴንጤዎች አይምሉም። አዎ ካልን አዎ ነው፣ አይ ካልን አይ ነው አለኝ። እንግዲያው አዎ በል አልኩት። እጽፋለሁ፣ አዎ፤ አልናገርም የሚለውን ግን ላስብበት አለኝ። ተከራይ እንዲህ ሲደፍር አይቼ አላውቅም። ይህንንም ጻፈው አልኩት። እየሳቀ ጻፈ። ሳቅህንም ጻፍ አልኩት።

(ሳቅሁ። ታ.)


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከቀኑ 10 ሰ.

ብሌን መጣች። ወረቀቶቿን አልጋዬ ላይ ዘረጋች። ለሰው ካላስረዳሁ አይገባኝም ትላለች፤ ለእናቷ ብታስረዳ እናቷ በመሐል ስለ ጋብቻ ታነሣባታለች። ስለዚህ ተማሪዋ እኔ ነኝ። ፊደል ስለማላውቅ ሁሉን ነገር በሥዕል ሣለችልኝ።

ባሕር ላይ ሲጨንቅህ በምን ትጣራለህ ነው ትምህርቱ። ያልገባኝ እንዳይመስላት ደግሜ ነገርኳት። አሁን ደግሞ ለአንተ እነግርሃለሁ።

ቅርብ ላለ፣ ቪኤችኤፍ የሚባል ሬዲዮ። ዓይን ከሚያየው ትንሽ አለፍ ይላል እንጂ ሩቅ አይሄድም፤ ከተራራ ጀርባ ያለ አይሰማህም። እሱ ላይ ቻናል 16 የሚባለው የሁሉም ጆሮ ነው፤ የትኛውም መርከብ ያዳምጠዋል። ራቅ ላለ ኤምኤፍ አለ። በጣም ለራቀ ኤችኤፍ፤ እሱ ሰማይ መትቶ ነው የሚመለሰው፣ የቀንና የሌሊት ጠባዩም ይለያያል። ከዚያ ሳተላይት። ከዚያ ኢፐርብ የሚሉት ጣሳ የሚያህል ነገር፤ መርከቡ ሲሰጥም ራሱ ተላቅቆ ይንሳፈፋል፣ ሰው ባይነካውም ይጣራል። ነፍስ አድን ጀልባ ላይ ይዘኸው የምትወርደው ደግሞ አለ፤ የሌላው መርከብ ራዳር ላይ ነጠብጣብ ይደረድራል፣ እዚህ ነን እያለ።

እንግዲህ ምርጫው ማን ቅርብ ነው የሚለው ነው። አስቀድመህ የምትጣራው ሊደርስልህ የሚችለውን ነው። ይሄን ወደድኩት።

ሬዲዮው ላይ ቀይ ቁልፍ አለ። ክዳን አለው። ክዳኑን ትከፍታለህ፣ ቁልፉን ተጭነህ ትይዛለህ። ነካ አድርገህ ከለቀቅህ አይሄድም። እስኪልክ ድረስ መያዝ ነው። የመርከቧን ቁጥርና ያለችበትን ቦታ መሣሪያው ራሱ ይልካል፤ ከዚያ አንተ በአፍህ ትናገራለህ። የእኔ ስልክም እንዲሁ ነው አልኳት። ብሌን ራሷ ናት ያስተካከለችልኝ፦ ሁለት ቁጥርን ተጭኜ ከያዝኩ ጽጌ ትመጣለች፣ ሦስትን ብሌን፣ አራትን ታምራት። ጎበዝ አባባ አለችኝ። እንደ ሕፃን።

በእኛ ጊዜ የሬዲዮ ክፍሉ ሰዓት ላይ ቀይና አረንጓዴ ቁራጭ ተቀብቶ ነበር። ፊደል ባላውቅም ቀለም አውቃለሁ። ሻይ ይዤ ስገባ የሰዓቱ እጅ ቀለሙ ላይ ካለ ትንፍሽ አልልም፤ ማንኪያ አላንኳኳም። ሦስት ደቂቃ መርከብ ሁሉ ዝም ይል ነበር፤ የደከመ ድምፅ ካለ እንዲሰማ። እሱ ድሮ ቀረ አለችኝ። አሁን ሌት ተቀን የሚያዳምጠው መሣሪያ ነው። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው አልኳት። መሣሪያው እንቅልፍ አይጥለውም፣ ሻይም አያምረው አለች።

ልክ ናት። ደስ ግን አላለኝም።

የምንኖርበት ሰፈር ራሱ ንፋስ ስልክ የተባለው በሬዲዮ ነው፤ ድሮ ጣቢያው እዚህ ነበር። ይህንን ነገርኳት። አታውቅም ነበር። አንድ ነገር አስተማርኳት ማለት ነው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ከቀኑ 11 ሰ.

ብሌን በስልክ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ።

የልምምድ ፈተና ነበራቸው። መርከብ አስመስለው በሠሩት ክፍል ውስጥ አስገቧት። ሞተር ክፍሉ ተቃጥሏል ተባለች። ቀዩን ቁልፍ በደንብ ተጫነች፣ ያዘች፣ ላከች። ከዚያ በቻናል 16 የጠረፍ ጣቢያው ሆኖ የሚመልስላት አስተማሪው ነው። ሆን ብሎ በእንግሊዝኛ እንደምን ዋላችሁ፣ ሁሉ ሰላም ነው ይላታል። እሷም፣ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ። መርከቧ እየተቃጠለች።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አስተማሪው ግን አልሳቀም። የእኛን አገር ልጅ በዚህ ነው የምጥለው፣ ቁልፉን ሁሉም ያውቃል አላቸው። ደህና ነን ያለን ሰው ማንም ሊያድነው አይመጣም። በዋናው ፈተና ከደገምሽው አታልፊም ብሏታል።

እኔ ደግሞ የምታለቅሺበት ነገር አልታየኝም አልኳት። የጨዋ ልጅ ስለሆንሽ ነው። ሰላም ላለሽ ሰው ምን ልትይው ኖሯል? ይባስ ተናደደች። ቅዳሜ መጥቼ አንተ ጣቢያ ትሆናለህ፣ እስኪለቀኝ ድረስ ሰላም በለኝ አለችኝ።

ደረቴ ዛሬ አንድ ጊዜ። ጀሪካን አንሥቼ። ባዶ ሆኖ ቢይዘኝ ይገርመኝ ነበር፣ ሙሉ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከቀኑ 10 ሰ.

ቤቴ ባሕር ሆኖ ዋለ። ብሌን የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንደ ማይክ ይዛ በሩ ጋ ቆመች፤ መርከቧ እሷ ናት። እኔ አልጋ ላይ፤ ጣቢያው እኔ ነኝ። ታምራት ግማሽ ቀን ስለሚሠራ ምሳ በልቶ መጣ፤ የሚያልፍ ዘይት ጫኝ አደረግነው። ዱካ ላይ ተቀመጠ።

ሜይዴይ ሦስት ጊዜ፤ ነፍሳችንን አድኑ ማለት ነው። የመርከቧ ስም ሦስት ጊዜ። ከዚያ የት እንዳለሽ፣ ምን እንደሆንሽ፣ ምን እንደምትፈልጊ፣ ስንት ነፍስ እንዳለ። በዚህ ቅደም ተከተል። አንድ እንኳ ትርፍ ቃል የለም።

እኔ ደግሞ ሥራዬን ሠራሁ። ገና አፏን ስትከፍት፣ ብሌንዬ እንዴት ዋልሽ፣ እናትሽስ? አልኳት። ደህና ና... ብላ አፏን ያዘች። ወደቅሽ። እንደገና። የጎረቤታችን የአስካለ ድመት ወለደች ወይ አልኳት። ሳቀች። ሰጠምሽ። እንደገና። ጾም እንዴት ይዞሻል። ገና ነው እኮ ጾሙ አለች። ሰጠምሽ። ታምራት ዱካው ላይ ሆኖ እኔ ደርሼልሻለሁ እያለ ይለፈልፋል። ዘይት ጫኝ እንዲህ አይለፈልፍም፣ ዝም በል አልኩት።

በመሐል ጽጌ ደወለች። ከበስተኋላ ስለምንጮኸው ጠየቀች። ልጅሽ እየሰጠመች ነው አልኳት። ሳይጨልም ጨርሳ ትምጣ፣ አንተም ስትሰጥም ደውልልኝ አለችኝ። ጽጌ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ቀልዷም እንደ ማኅተም ነው፣ ጧ አድርጋ ትዘጋለች።

ወደ መጨረሻው ላይ ሆነላት። ስለ አጎቷ ብጠይቃት፣ ስለ ዝናቡ ብጠይቃት፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ አንድም ሳትመልስልኝ ጨረሰች። ሲያልቅ ከባድ ነው አባባ፣ የሰደብኩህ ያህል ተሰማኝ አለች። መሳደብ ነው፣ ተሳደቢ አልኳት።

ታምራት አንድ ነገር ጠየቃት። መርከቡ ሬዲዮው ሞቶ ቢሆንስ? ያየው ሌላ መርከብ ይጣራለታል አለችው። ሜይዴይ ሪሌይ ይባላል። እኔ እገሌ ነኝ፣ የጨነቀው ግን እገሌ ነው፣ እዚህ ነው ብሎ ያስተላልፍለታል። ማድረግም ግዴታው ነው፣ አይቶ ማለፍ የለም። አንዱ ከደረሰለት ግን ሌላው መንገዱን ይቀጥላል አለች። ታምራት ዞሮ አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ለሁለቱም አንድ ነገር ነገርኳቸው። አንድ ጊዜ፣ ነፋስ በበዛበት ወራት፣ እራት አቅርቤ ሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንዲት ትንሽ ጀልባ ጠራችን። ሰውየው የእኛን የሬዲዮ ኦፊሰር በድምፁ ለየው፤ የአንድ ወደብ ሰዎች ናቸው። ወንድሜ እንዴት ከርመሃል፣ ልጆችህስ፣ አዲስ የወለድከውስ አለው። የእኛም ሰው ደስ ብሎት መለሰ፣ እሱም ጠየቀ። ሁለቱም እየተጠያየቁ ቆዩ። ከዚያ ያኛው፣ ኧረ እኛስ ውሃ ገብቶብን ነው አለ። የት ናችሁ ሲለው ባትሪው አለቀ። እስኪነጋ ፈለግን። ጀልባዋን አገኘናት። ሰዎቹን ግን ሁሉንም አላገኘንም።

ሻይ አፈላሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከቀኑ 11 ሰ.

ልጅቷ እንዲያ ስትለማመድ አይቼ እኔ ፈሪ ልሆን ነው? ጠዋት ተነሥቼ ጤ/ጣቢያ ሄድኩ። ብቻዬን። ለማንም ሳልናገር።

ወረፋ ጠበቅሁ። ስሜ ተጠራ። የምታየው ሐኪም ወጣት ናት፣ ደግ ፊት አላት። አባባ እንዴት ነዎት አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ፣ ሥራ እንዴት ነው አልኳት። ደስ አላት። ምን ሆነው መጡ አለችኝ። ምንም አይደል፣ ትንሽ ጨጓራዬን ነካ ነካ ያደርገኛል አልኩ። ሌላ የሚያምዎት አለ አለች። የለም የኔ ልጅ፣ ተባረኪ አልኩ። ሲራመዱ የሚይዝዎት ነገርስ አለች። ኧረ እኔ ገና ብርቱ ነኝ አልኳት።

ነጭ የጨጓራ ሽሮፕ ሰጠችኝ። መርቄያት ወጣሁ።

በሩ ላይ ደርሼ ነው የገባኝ። ጥያቄውን ሁሉ በትክክል ጠየቀችኝ፤ እኔ ነኝ አንዱንም ያልመለስኩት። ልመለስ ብዬ አሰብኩ። ወረፋው አጥር ጋ ደርሷል። ምን ብዬ? ቅድም የነገርኩሽ ውሸት ነው ብዬ?

ለታምራት ሳስጽፈው መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ብዕሩን አስቀመጠ። ወድቀዋል ጋሼ፣ ብሌን ብትሰማ አታሳልፍዎትም አለኝ። ጻፍ አልኩት።

ሽሮፑ ይጣፍጣል። ሌላ ጥቅም የለውም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ከቀኑ 11 ሰ.

ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር። ሚካኤል ነው ብዬ የሰፈር ማኅበር ላይ ጠላ ልቀምስ ስሄድ። ያዘኝ። ያሁኑ መንጋጋዬ ድረስ ወጣ። ላብ በላብ ሆንኩ፣ ቀዝቃዛ ላብ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት አባት ደህና ነዎት አለችኝ። ደህና ነኝ እናቴ አልኳት፤ ሄደች። ምን ታድርግ።

ስልኬን አወጣሁ። ሁለትን ነካሁት። ጽጌ ቢሮ ነው ያለችው፤ ብሌን ተርበትብታ ትሮጣለች፤ ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። ለቀቅሁት። ነክቶ መልቀቅ አይልክም። ባጃጅ ይዤ መጣሁ።

ታምራት በር ላይ አገኘኝ። ፊቴ አመድ መስሏል አለ። ውሃ ሰጠኝ፣ አስተኛኝ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና፣ እኔ አሁን ለወ/ሮ ጽጌ ልደውል ነው አለኝ። አትደውልም አልኩት። እርስዎ ቤት ነው የተማርኩት፣ አይቶ ማለፍ የለም፣ ሪሌይ ነው አለኝ። ሪሌይ ሬዲዮው ለሞተበት መርከብ ነው፣ የእኔ ሬዲዮ ይሠራል አልኩት። ይሠራል ግን አይናገርም፣ ታዲያ ከሞተው በምን ይለያል አለኝ።

ከቤቴ አስወጣሃለሁ አልኩት። ያስወጡኝ፣ ጸሐፊ ግን ከየት ያመጣሉ አለኝ።

ተስማማን። ፈተናዋ ዓርብ ነው፤ እስከ እሁድ ይታገሰኛል። እሁድ ከጸሎት ሲመለስ ካልተናገርኩ ጽጌ ቤት በእግሩ ይሄዳል። እሺ አልኩ። እሺ ካሉ እሺ ነው አለኝ። የእነሱ ሃይማኖት እኔ ላይም ሊሠራ ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከቀኑ 11 ሰ.

አለፈች።

ከፈተናው ቀጥታ እዚህ መጣች። ሙዝና ለስላሳ ይዛ። ፈታኙ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ ሰላም ብሏታል፤ ለአንዱም አልመለሰችም። ሲጨርሱ ተነሥቶ ጨበጣትና በአማርኛ አሁን እንዴት ነሽ አላት። አሁን ደህና ነኝ አለችው። ሁሉም ሳቁ። ማክሰኞ በባቡር ትሄዳለች።

ደስ ብሎኛል። ይህንን በትልቁ ጻፈው።

ስትበላ የተጠየቀችውን ሁሉ ነገረችኝ። አንድ ሰው ቀዩን ቁልፍ በስህተት ቢጫን ምን ያደርጋል ብለዋታል። ብዙ ሰው ደንግጦ ሬዲዮውን አጥፍቶ ይደበቃል፤ ጥፋቱ ያ ነው፤ ፈላጊዎቹ በከንቱ ይደክማሉ። ደህናው ሰው ግን እዚያው ቻናል 16 ላይ ወጥቶ፣ ስህተት ነበር፣ ይቅርታ ይላል። ጣቢያው እሺ ይለዋል። አለቀ። አይሰደብም?  አልኳት። አይሰደብም አለች። ሰው ሰብስቦ ምንም ባይሆን አያፍርም? ማፈር የራሱ ጉዳይ ነው፣ ደንብ ውስጥ የለም አለች።

ጭንቅ ሳይሆን ትንሽ ነገር ቢሆንስ አልኳት። ፓን ፓን የሚባል አለ፣ ከሜይዴይ አነስ ላለው። ትንሽ ትልቅ መሆኑን ማን ይለያል? ካፒቴኑ። ካፒቴኑ ቢሳሳትስ? ሙዙን አስቀመጠችው። ከመጠን በላይ ቢጣራ ማንም አይሞትም፣ የሚሞተው ዘግይቶ ሲጣራ ነው አለችኝ።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አባባ ደህና ነህ ወይ አለችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። አፌ ነው ያለው። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 11 ሰ.

ምንም የለም። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ታምራት ሾርባ አመጣልኝ፣ ጨው የለውም። ነገ እሁድ ነው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።


እሁድ፣ ጥቅምት 16። ከረፋዱ 3 ሰ. ተኩል

ለቤተ ክርስቲያን ልብስ ለብሼ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳጠልቅ ያዘኝ። ልብ በል። ዳገት የለም። ጀሪካን የለም። ተቀምጬ። እስከ ዛሬ ቁጭ ስል ነበር የሚለቀኝ፤ ዛሬ ቁጭ ባልኩበት መጣ። አሁንም አልለቀቀኝም፤ ትንሽ ላላ ብሏል እንጂ።

ታምራት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ሊወጣ ሲል በመስኮት ጠራሁት። አልሄደም። ይኸው ይጽፋል። በጥድፊያ ነው፣ ጽሑፉ ካላማረ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ምርጫውን አየሁ። በአጥር ብጣራ አስካለ ትሰማለች፤ አስካለ ከሰማች ሰፈሩ ሰማ፣ እድሩ ድንኳን ይዞ ይመጣል። እሱ ገና ነው። ጤ/ጣቢያ በእግሬ አልሄድም። ብሌን ሦስት ቁጥር ላይ ናት፤ ደግሞ የምትሄድ መርከብ ናት። ቅርቧ ጽጌ ናት። ለቡ። እሁድ ነው፣ ቤት ናት፣ ባሏ መኪና አለው። ሊደርስልህ የሚችለውን ነው አስቀድመህ የምትጠራው።

ታምራት እኔ ልደውል አለኝ። አይሆንም። የእኔ ሬዲዮ ይሠራል። እኔ ነኝ የምናገረው።

ብሌንም ትሰማለች፤ እናቷ ጎን ናት። ይሁን። ቻናል 16 ላይ የተባለ ለሁሉም ይሰማል፣ ለአንዱ ብቻ ብሎ ነገር የለም። ማክሰኞ ባቡሩ ላይ ትወጣለች፤ ለጨነቀው መርከብ አንድ አዳኝ ይበቃዋል፣ ሌላው መንገዱን ይቀጥላል፤ ራሷ ያስተማረችኝ ነው። አልሄድም ካለች ደግሞ የራሷ ካፒቴን ናት። እሷን እያሰብኩ ዝም ማለቴ ይብቃ። የእሷን መንገድ የምቆርጥላት እኔ አይደለሁም፣ በሞትም ቢሆን።

ፓን ፓን ነው ሜይዴይ? ብዙ አሰብኩበት። ሜይዴይ ነው።

ስህተት ከሆነ ይቅርታ እላለሁ። ደንብ ውስጥ አለ።

የምለውን በአፌ ተለማመድኩት። ስሜን። ያለሁበትን። የሆንኩትን። የምፈልገውን። ነፍስ፣ አንድ። እንዴት አደርክ ትለኛለች፤ አልመልስላትም። እግዚአብሔርን መኪና ውስጥ ገብቼ አመሰግነዋለሁ፤ እሱ ይገባዋል።

ጻፍ ታምራት፣ እያንዳንዱን ጻፍ።

ሁለትን ተጫንኩ። ይዣለሁ። አልለቅም።

እየጠራ ነው።

አነሣች። አባዬ፣ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ ወይ አለች።

ጽጌ። ጽጌ። ጽጌ። ደምሴ ነኝ። ቤት ነኝ፣ አልጋዬ ላይ። ደረቴን ይዞኛል፣ ግራ እጄንም፣ ሳምንት አልፎታል። መኪና ይዛችሁ አሁኑኑ ኑ። ነፍስ፣ አንድ።